ስንቅ ጭኖ ድንበር መሻገር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ሲያትል የሚኖረው ልጄ በመጪው ሐምሌ እንድጎበኘው ጠርቶኝ የአሜሪካ ቪዛ አግኝቻለሁ። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ሞተርሆም የሚሉትን፣ መኝታም ማብሰያም ማቀዝቀዣም ያለውን መኪና ተከራይቶ፣ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ወደ ካናዳ፣ እስከ ቫንኩቨር ድረስ ሊወስደኝ አስቧል። እኔም እንደ ወጉ ባዶ እጄን አልሄድም። ሽሮ አስፈጭቻለሁ፣ በርበሬ አዘጋጅቻለሁ፣ ላሞች ስላሉኝ ቅቤ አንጥሬአለሁ፤ ቋንጣም ዘልዝዬ ልሰቅል ነው። ምራቴ ደግሞ ጤና አዳም እንድይዝላት ለምናኛለች። ልጄ ግን በስልክ «እማዬ፣ ሥጋ ነገር እንዳትይዢ፤ ድንበር ላይ እንቀጣለን» አለኝ። ጎረቤቴ በበኩሏ «እኔ በልብስ ጠቅልዬ ስንት ጊዜ አስገብቻለሁ» ትለኛለች። የማንን ልስማ?
አንዲት እናት፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ ልጅዎን ይስሙ። ጎረቤትዎ እስካሁን ያልተያዙት ስላልተፈተሹ ነው፤ ከተፈቀደላቸው ነገር አንቆጥረውም።

አስቀድመን ግን መንገዱን እንይ። እርስዎ ያሰቡት ስንቁን ሲያትል ማድረስን ነው፤ ሞተርሆሙ ከመጣ በኋላ ግን ያው ስንቅ ሦስት ጊዜ ለጥያቄ ይቀርባል፤ ከቦሌ ተነሥተው አሜሪካ ሲገቡ፣ መኪናው ሲያትል ካለችበት ከዋሽንግተን ግዛት ወደ ካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሲሻገር፣ በመጨረሻም ወደ ሲያትል ሲመለሱ። በመጀመሪያው ፍተሻ ያለፈ ምግብ በሁለተኛው ላይ እንደ አዲስ ይታያል። የካናዳ መርማሪ ማወቅ የሚፈልገው ምግቡ የተመረተበትን አገር ስለሆነ፣ ልጅዎ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ወር የሰነበተ የሱሉልታ ቋንጣ በእሱ ዘንድ ያው የኢትዮጵያ ሥጋ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛውን ፍተሻ ነው፤ «ከዚሁ ይዘነው የወጣነው ምግብ ነው» ብሎ ስለሚያስብ ሲመለስ የሚጠየቅ አይመስለውም።

ቋንጣውን ይስቀሉት፤ ግን እዚሁ ይብሉት። አሜሪካም ሆነች ካናዳ ከአገራችን የሚመጣን የከብት፣ የበግና የፍየል ሥጋ፣ ጥሬም ይሁን የደረቀ፣ በመንገደኛ ሻንጣ እንዲገባ አይፈቅዱም። ዋናው ምክንያት ገበሬዎቻችን አፍተግር የሚሉት የአፍና የእግር በሽታ ነው። ይህ በሽታ እኛ ዘንድ ላሚቱን ለጥቂት ሳምንታት አክስቶና ወተቷን ቀንሶ ስለሚያልፍ ብዙም አንደነግጥለትም፤ አሜሪካ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ1929፣ ካናዳ ውስጥ ደግሞ ከ1952 ወዲህ አልታየም። በሽታው ያልተለመደበት አገር አንድ ጊዜ ከገባ የሚታረደው የታመመው ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው ያለ መንጋ ሁሉ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት እንዲወገዱ ሆኗል፤ መነሻው ተደርጎ የተገመተውም በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ሥጋ ያለበት፣ በሚገባ ያልተቀቀለ የምግብ ትራፊ ለአሳማዎች መሰጠቱ ነበር። ቫይረሱ በጨው በታሸና በደረቀ ሥጋ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል የእርስዎ ሙያና ንጽሕና በዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም።

የዚህን ጥንቃቄ ምክንያት ለመረዳት ከእኛ የተሻለ ታሪክ ያለው ሕዝብም ጥቂት ነው። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የዘለቀው ረኃብ ዋና መነሻው የከብት እልቂት ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉትም የደስታ በሽታ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ወደ አገራችን የገባው ለጣልያን ጦር ተብለው በምጽዋ ወደብ በወረዱ ከብቶች ነው። በሬው አለቀ፣ እርሻው ጦም አደረ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ከአባቶቻችን ሰምተናል። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መርማሪው ቋንጣዎን ሲወስድ ንቀት ወይም ክፋት እንዳይመስልዎ ብለን ይህን አነሣን።

ቅቤው ትንሽ ለየት ይላል። የአሜሪካ ደንብ አፍተግር ካለባቸው አገሮች በሚመጣ ወተት ላይ የጣለውን ገደብ በቅቤ ላይ አላጸናውም። ይሁንና የእርስዎ ንጥር ቅቤ የፋብሪካ መለያ የሌለው፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት፣ በቤት ዕቃ የተሞላ ቢጫ ነገር ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ጠረጴዛውን ይሞላዋል፣ ምን እንደ ሆነ አምኖ የማሳለፉ ወይም ያለማሳለፉ ውሳኔ ደግሞ ፊትዎ በቆመው መርማሪ እጅ ነው። ስለዚህ ቢወሰድብኝ አልቆጭም የሚሉትን ያህል ብቻ ይያዙና ያስመዝግቡ፤ ካለፈልዎ ሲያትል ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቅር እንጂ ሞተርሆሙ ላይ አይጫን።

ላሞች እንዳሉዎት ስለ ነገሩን አንድ ነገር እንጨምር። አሜሪካ ሲገቡ ከሚጠየቁት አንዱ በቅርቡ እርሻ ቦታ ነበሩ ወይ፣ ከብትስ ነክተዋል ወይ የሚል ነው። መልሱ «አዎ» ነው፤ አይፍሩት። መርማሪው ጫማዎን ሊያይ ይችላል፤ በረት የሚገቡበት ጫማ ከሥሩ ጥርሶች መካከል የደረቀ እበት ከያዘ ያ እበት ከቋንጣው እኩል ያሳስበዋል። ያንን ጫማ ቤት ይተዉት፤ ለጉዞ የሚያደርጉትንም ከመነሣትዎ በፊት በብሩሽ ፍቀው ይጠቡት።

ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ድርቆሽና የተቆላ ቡና የተፈጩ፣ የተጋገሩ ወይም የተቆሉ በመሆናቸው እስካስመዘገቧቸው ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ያልፋሉ። ያልተቆላ ቡናም ቢሆን ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር ይገባል፤ የማይገባው ቡና ወደሚበቅልባቸው ወደ ሃዋይና ወደ ፖርቶ ሪኮ ነው። ሽሮው ነቀዝ ያልነካው፣ አዲስ የተፈጨና በደንብ የታሸገ ይሁን። በየከረጢቱ ላይ ምን እንደ ሆነና ከምን እንደ ተሠራ በእንግሊዝኛ ይጻፍበት፤ ልጅዎ ጽፎ ቢልክልዎ እዚሁ ማሳተም አያቅትም። ስም የሌለው ቀይ ዱቄት በኪሎ ይዞ የሚገባ ሰው ማብራሪያ መጠየቁ አይቀርም፤ እርስዎ ደግሞ ከረዥም በረራ በኋላ፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ ስለ ምጥን ሽሮ ለማስረዳት አቅሙ አይኖርዎትም።

ጤና አዳሙ ይቅር። ተክሉ በዕፅዋት አመዳደብ ከብርቱካንና ከሎሚ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ አሜሪካ ደግሞ የብርቱካን እርሻዎቿን ካጠፋባት በሽታ የተነሣ በዚህ ቤተሰብ ላይ በጣም ጥብቅ ናት። እርጥብ ቅጠል፣ ሥር ወይም ዘር ያለ ዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት መያዝ ለምራትዎ ውለታ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚረዳዎ አንድ ቃል ነው፤ «ምግብ ይዘዋል?» ሲባሉ «አዎ» ማለት። ያስመዘገቡት ነገር የተከለከለ ሆኖ ቢገኝ ይወሰዳል፤ እርስዎ ግን አይቀጡም። ሳያስመዘግቡ የተገኘ እንደሆነ አሜሪካ ለግል ፍጆታ በተያዘ ዕቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት እንኳ እስከ 1,000 ዶላር ልትቀጣ ትችላለች፤ የካናዳ ቅጣት ደግሞ እስከ 1,300 የካናዳ ዶላር ይደርሳል። ሰባት ኪሎ ሥጋ ቢገዙበት የሚተርፍ ገንዘብ ነው። የጎረቤትዎ ምክር የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው፤ በልብስ የተጠቀለለ ዕቃ ሲገኝ «አላወቅሁም ነበር» ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ሞተርሆሙ እንምጣ። በተራ መኪና ድንበር የሚሻገር ሰው ሻንጣውን ያውቀዋል። ሞተርሆም ግን እንደ ጓዳ ነው፤ ማን ምን እንዳስቀመጠበት ሾፌሩ ራሱ አያውቀውም። ከማቀዝቀዣው በታችኛው መሳቢያ ልጆቹ ገምጠው የተዉት ፖም፣ ከመኝታው ሥር ካለው ሳጥን የተረሳ ድንች፣ ከመታጠቢያው ጎን የተንጠለጠለ የሎሚ ከረጢት ይገኛል። ከሲያትል ተነሥታችሁ በአምስተኛው አውራ ጎዳና ብሌን ከምትባለው ከተማ ስትደርሱ ያለው መርማሪ ወደ መኪናው ውስጥ ገብቶ እነዚህን ሁሉ የመክፈት ሥልጣን አለው፤ ሾፌሩም ስለ ተሳፋሪዎቹ ምግብ ጭምር ይጠየቃል። ስለዚህ በዋዜማው ማቀዝቀዣው ይራገፍ፣ የቀረው በወረቀት ላይ ይመዝገብ፣ ወረቀቱም በሾፌሩ እጅ ይሁን። ልጅዎ ወረቀቱን አውጥቶ ቢያነብለት የሁሉም ድካም ይቀንሳል።

ካናዳ ከአሜሪካ የሚመጣን ሥጋ ለግል ፍጆታ በሰው እስከ 20 ኪሎ ግራም ትፈቅዳለች፤ ሥጋው ምን እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ መታወቅ ግን አለበት። ከሱቅ የተገዛ፣ መለያው ያልተቀደደ ሥጋ ይህን ያሟላል። «እንግዲያው ከአሜሪካ ሥጋ እዚያው ቋንጣ ልሥራ» ብለው ካሰቡ ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ነገር ግን በቤት የተሠራው ቋንጣ መለያ ስለማይኖረው ሲያትል ይበላ። ለካምፕ እሳት የሚሆን ማገዶም አይጫን፤ ከቅርፊቱ ሥር ዛፍ የሚያደርቁ ጥንዚዛዎች ስለሚጓዙ በደረሱበት መግዛት ይሻላል።

መመለሻው ላይ የሚያሳስበው ፍራፍሬው ነው። ካናዳ ውስጥ የተገዛ ሁሉ የካናዳ ፍሬ አይደለም። ቫንኩቨር ሱቅ የተገዛ ማንጎ ወይም ብርቱካን በካናዳ ብርድ እንዳልበቀለ መርማሪው ያውቃልና ትክክለኛ አገሩን ይጠይቃል፤ ሎሚና ብርቱካን በተለይ፣ ከሲያትል ይዛችሁት የወጣችሁት እንኳ ቢሆን፣ ስትመለሱ ሊወሰድ ይችላል። ልጆቹ ከፍሬው ላይ የምትለጠፈውን ትንሽ ምልክት ልጠው ግንባራቸው ላይ እንዳይለጥፏት ይንገሯቸው፤ ስለ ፍሬው አገር የምትመሰክረው እሷ ብቻ ናት።

ለጉዞው ምን ይበሰል ቢሉን ምክራችን የጾም ገበታ ነው። ሲያትል የተጋገረ እንጀራ፣ ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ከዚያው ከገበያ የተገዛ ጎመን ተቀቅሎ፤ እነዚህ ሥጋም ወተትም እንቁላልም ስለሌለባቸው በሦስቱም ፍተሻ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ ትንሽ ነው። ዶሮ ወጡን ግን በወፍ ጉንፋን ምክንያት በዶሮና በእንቁላል ላይ የሚወጣው ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ወይ ከመነሣታችሁ በፊት ወይ ከተመለሳችሁ በኋላ ሥሩት። ጉዞው ወደ ፍልሰታ ከተጠጋማ ነገሩ ራሱ ቀለለ። ልጅዎ ልማዱ ካለው በካናዳ የምግብ ቁጥጥር ኤጀንሲ ድረ ገጽ ላይ የምግቡን ዓይነትና የመጣበትን አገር አስገብቶ ደንቡን ማየት ይችላል፤ በጉዞው ሳምንት ያድርገው።

ልጅዎ በካናዳ ፈንታ ወደ ደቡብ ልሂድ ቢል እንኳ ፍተሻው አይቀርም። የካሊፎርኒያ ግዛት በመግቢያ መንገዶቿ ላይ 16 የእርሻ ፍተሻ ጣቢያዎች አሏት፤ ከሌላ የአሜሪካ ግዛት የሚመጣን መኪናም አስቁመው ስለ ፍራፍሬና ስለ ተክል ይጠይቃሉ።

ያልጠየቁንን አንድ ነገር እናንሣ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ካናዳ ለመግባት የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋል፣ የአሜሪካው ቪዛዎም ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። ከቅቤው በፊት ይህ ይጣራ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው እንግሊዝ ነው። ከባለቤቱና ከስድስት ወር ሕፃናቸው ጋር መኝታ ያለው መኪና ይዘው በባሕሩ ሥር ባለው ባቡር ወደ ፈረንሳይ ሊሻገሩ ነው። የእንግሊዝ ሱቅ ሥጋና አይብ ፈረንሳይ ውስጥ ምን ችግር አለው ብሎ ይከራከረኛል፤ እኔ ደግሞ አንድ ነገር እንዳይደርስባቸው እሰጋለሁ።
ከገላን

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ፣ ከእንግሊዝ የሚመጣ መንገደኛ በኅብረቱ ዓይን ከኢትዮጵያ ወይም ከብራዚል ከሚመጣ መንገደኛ አይለይም። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ፣ በዳቦ መካከል የገባ ቢሆንም፣ አይገባም። በዚያው ወር የኔዘርላንድ የጉምሩክ ሠራተኞች ከእንግሊዝ የመጡ ሾፌሮችን ሥጋ ያለበት ሳንድዊች ሲቀበሏቸው በቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ አነጋግሯል። የሕፃኑ ነገር ግን አያሳስባቸው፤ ሳይከፈት ማቀዝቀዣ የማይፈልግ፣ በፋብሪካው የታሸገ የሕፃን ወተትና ምግብ በሰው እስከ 2 ኪሎ ግራም ይፈቀዳል። ከፍራፍሬ ያለ ምስክር ወረቀት የሚገቡት አምስት ብቻ ናቸው፤ ሙዝ፣ አናናስ፣ ኮኮናት፣ ተምርና ዱሪያን የሚባለው የእስያ ፍሬ። ፖሙን ባቡር ከመሳፈራቸው በፊት ይብሉት።

መመለሻውም ልል አይደለም። በጀርመን እ.ኤ.አ. በጥር 2025፣ ከዚያም በሃንጋሪና በስሎቫኪያ አፍተግር በመታየቱ ብሪታንያ ከሚያዝያ 12 ቀን 2025 ጀምሮ መንገደኞች የከብት፣ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ ሥጋ እንዲሁም የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዳያስገቡ ከልክላለች፤ የከፋ ጥሰት እስከ 5,000 ፓውንድ ያስቀጣል። የፈረንሳዩን አይብ እዚያው ጠግበው በልተው ይመለሱ። ወንድምዎ ክልከላው በጉዞው ቀን በሥራ ላይ መሆኑን ከብሪታንያ መንግሥት ድረ ገጽ ይመልከት፤ እንዲህ ያለ እገዳ በሽታው ሲጠፋ ሊነሣ ይችላልና።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በላንድ ክሩዘር ድንኳንና የምግብ ማብሰያ ጭነን በሞያሌ በኩል ኬንያ ልንገባ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽንኩርትና ድንች ይዘናል። ምን እናድርግ?
ከቡራዩ

መልስ፦ በሶውና ቆሎው አያሳስቧችሁ፤ ሽንኩርቱንና ድንቹን ግን ከሞያሌ ወዲህ ጨርሱት። ኬንያ ትኩስ የዕፅዋት ምርት ሲገባ ከራሷ የዕፅዋት ጤና ተቋም አስቀድሞ የተሰጠ ፈቃድና ከላኪው አገር የተሰጠ የጤና የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች፤ ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት ይህን ሁሉ የሚያሟላ ሰው አላየንም። ትኩሱን ከድንበሩ ወዲያ፣ ማርሳቢት ገበያ ግዙ።

እናንተን የሚያስቀጣችሁ ግን ምግቡ ላይሆን ይችላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 28 ቀን 2017 ጀምሮ ፌስታል መያዝን ራሱን ከልክላለች፤ በሕጉ የተቀመጠው ከፍተኛ ቅጣት እስከ 4 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት ነው። ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት፣ በሶውን ክዳን ባለው ጣሳ አድርጉት፤ ከመቀመጫው ኪስና ከድንኳኑ ሽፋን ውስጥ የተረሱ ፌስታሎችን ፈልጋችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አራግፉ። የሞያሌው የጋራ ድንበር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በይፋ ከተከፈተ ወዲህ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ቦታ ስለሚያስተናግዱ የመኪናውን ሰነድ፣ የሾፌሩን ፈቃድና ፓስፖርታችሁን በአንድ ማኅደር አድርጋችሁ ቅረቡ።